ሬስሊንግ ልናይ ፊላደልፊያ

አርብ፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም. (አፕሪል 5፣ 2024)

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጠዋት ተነሳን። መኪናው የጓደኛዬ ነው። ከኋላ የዘጠኝ ዓመት ልጁ ተቀምጧል። ትምህርት ቤት ያስቀረው አባቱ ነው፤ የዚህን ጉዳይ ዝርዝር ለእናቱ ትቻለሁ። ልጁ የሬስሊንግ ኮከቡን የኮዲ ሮድስን ቲሸርት ከጃኬቱ በላይ ለብሷል። ከጃኬት ሥር ከሆነ ማን ያየዋል?

የምንሄደው የዓመቱን ትልቁን የሬስሊንግ ዝግጅት፣ ሬስልማኒያ 40ን፣ ለማየት ነው። ቅዳሜ ማታና እሁድ ማታ፣ ሊንከን ፋይናንሻል ፊልድ ስታዲየም። እኔ ሬስሊንግን ስወደው የኖርኩት በቴሌቪዥን ነው። ኮልፌ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ምርጫ አለው? አንድ ጎረቤት ዲሽ ያስገባ ዕለት የሰፈሩ ልጅ በሙሉ እነሱ ሳሎን ነበር። ማታ ያየነውን በማግስቱ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እንደግመዋለን። ዩኒፎርም ይቀደዳል፣ ቤት ደግሞ ዱላው ይጠብቃል። በአካል ግን አይቼ አላውቅም።

ጓደኛዬ አይቷል። አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ጅዳ ነበር የሚሠራው። በአፕሪል 2018 የሬስልማኒያ አዘጋጅ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ እዚያ በንጉሥ አብዱላህ ስፖርት ከተማ ትልቅ ዝግጅት ሲያደርግ ቲኬት ቆርጦ ገባ።

«እስቲ ምን ትዝ ይልሃል?» አልኩት።

መንገዱን እያየ ሳቀ። ሃምሳ ሰው ተራ በተራ የገባበት፣ ሮያል ራምብል የሚባል ግጥሚያ ነበር፤ ያሸነፈው ብራውን ስትሮማን። ጆን ሲና ትሪፕል ኤችን ረቷል። አንደርቴከር ሩሴቭን የሬሳ ሳጥን ውስጥ ከቶ ዘግቶበታል። እሱ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ታይተስ ኦኒል ነው። ታይተስ ተራው ደርሶ ወደ ሪንጉ እየሮጠ ሲመጣ ተደናቀፈና በደረቱ ተንሸራቶ ሪንጉ ሥር ገባ። ያ የሚያክል ሰውዬ ከዓይን ጠፋ።

«ከጎኔ የነበረው ሱዳናዊ ሳቅ አፍኖት ጀርባዬን ይደበድበኛል። አላውቀውም እኮ! እስከ መጨረሻው አብረን ስንስቅ አመሸን።»

በዚህ ጉዞ የማገኘውን ሰው ሁሉ ስለዚሁ ለመጠየቅ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ በአካል ካየኸው ሬስሊንግ ምን ትዝ ይልሃል?

ባልቲሞር ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመርከብ ተመትቶ ከወደቀ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። በእሱ ላይ ያልፍ የነበረው አብዛኛው መኪና አሁን ከወደብ ሥር በሚያልፉት ዋሻዎች ነው የሚሄደው። ደላዌር ስንደርስ አረፍ አልን። እዚያ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ያወራል። ኒው ጀርሲ ላይ በሬክተር ስኬል 4.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ ፊላደልፊያንም ነቅንቋታል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ገደማ ላይ ነው። እኛ መኪና ውስጥ ስለነበርን ምንም አልተሰማንም።

ትንሽ ቆይቶ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«ምድር ተንቀጠቀጠ አሉ። የት ነህ አንተ?»

«መንገድ ላይ ነኝ እማዬ፤ ደህና ነኝ። ወደ ፊላደልፊያ እየሄድኩ ነው።»

«ለሥራ ነው?»

«አይ... ትግል ለማየት።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «በጾም?»

ጾሙ እውነት ነው። ዐቢይ ጾም ነው፤ ዕለቱም መድኃኔዓለም። ለጓደኛዬ ደግሞ ረመዳን ነው። ዘንድሮ ሁለቱም ጾሞች የገቡት በአንድ ቀን ነው። ልጁም «ግማሽ ቀን እጾማለሁ» ብሎ ቺፕሱን ከኋላ ኪሱ ውስጥ ደብቋል። እንግዲህ በሥጋና በአይብ ሳንድዊች ወደታወቀች ከተማ የሄድነው በዚህ ሁኔታ ነው።

ምሽት ላይ ዌስት ፊላደልፊያ ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ ሄድን። እዚያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ስትገባ ጓደኛዬ በተምር አፈጠረ፣ ሾርባውን ጠጣ፣ ሳምቡሳውን አነሳ። ለእኔ በያይነቱ መጣልኝ። ልጁ ከሁለታችንም በላ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ፊላደልፊያ። ሬስልማኒያ ባለበት ሰሞን ትናንሾቹ የሬስሊንግ ድርጅቶችም ወደዚያው ከተማ ይጎርፋሉ። ደጋፊው ያለው እዚያ ነዋ። ቀንም፣ ማታም፣ እኩለ ሌሊትም ግጥሚያ አይጠፋም። ጓደኛዬ «ትልቁን ከማየታችን በፊት ትንሹን እንይ» ብሎ ለአንዱ ርካሽ ቲኬት ገዝቶ ነበር።

ጣሪያው ዝቅ ያለ አዳራሽ ነው። የሚታጠፍ የብረት ወንበር ተደርድሯል። ሰዉ ቢበዛ ሦስት መቶ ቢሆን ነው። እኛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነን። ሪንጉ በቴሌቪዥን ከማውቀው ያነሰ መሰለኝ፤ ሰዎቹ ግን ገዘፉብኝ።

የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ ደነገጥኩ። ከሸራው ሥር ስስ ስፖንጅ አለ። ከስፖንጁ ሥር ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ብረት። ሰው በጀርባው ሲያርፍበት ድምፁ ለጆሮ ብቻ አይደለም፤ በወንበሩ እግር በኩል መጥቶ ወገብህ ላይ ይደርሳል። በቴሌቪዥን ኮሜንታተሮቹ ስለሚጮሁ ይህ አይታወቅም። እዚህ ኮሜንታተር የለም። ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። አንዱ ሌላውን አንገቱን ጠምዝዞ ይዞት፣ በጆሮው የሆነ ነገር ሹክ ሲለው ከንፈሩን አየሁት። ቀጥሎ የሚያደርጉትን እየተነጋገሩ ነው። ታዲያ ምን ይጠበስ? እኛ አክተር እንደማይሞት እያወቅን ፊልም ስናይ ያደግን ሰዎች ነን።

ከዚያ የደረት ጥፊው መጣ። አንዱ ሌላውን ጥግ ላይ አስደግፎ ባዶ ደረቱን በመዳፉ ያጮለዋል። ይህን ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ይቀመጥ። በሦስተኛው ምት የአምስቱ ጣት ቅርጽ ደረቱ ላይ ቀልቶ ወጣ። ላቡ ተረጭቶ የልጁ መነጽር ላይ አረፈ። ልጁ መነጽሩን አወለቀ። አየው። ሳይጠርገው መልሶ አደረገው።

የማታው ክፉ ሰው መላጣ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ ካባ ለብሷል። ገና ሲገባ ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። እሱም ያንን ፈልጎ ነው የመጣው። ልጃችን በማርከር የጻፈበትን ካርቶን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። ሰውዬው መጥቶ ካርቶኑን ከእጁ መነጨቀው፣ አነበበው፣ ለሁለት ቀደደው፣ ቁራጮቹን እግሩ ሥር ጣለለት። አዳራሹ አበደ። ፊት ረድፍ ላይ ምርኩዝ የያዙ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እሳቸው ያወረዱበትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። የልጁ ዓይን እንባ አቀረረ። አባቱ ሊነሳ ሲል እጁን ያዝኩት።

ግጥሚያው ሲያልቅ ተጋጣሚዎቹ ራሳቸው ጠረጴዛ ዘርግተው ቲሸርት ይሸጣሉ። ኑሯቸው እሱ ነው። መላጣው ትከሻው ላይ የበረዶ ከረጢት አስሮ ተቀምጧል። የእጁ ነጭ ፕላስተር ገና አልተፈታም። ልጁ አባቱን እየጎተተ ፊቱ ቆመ። አሁን ሳቅ ብሎ ጸጉሩን ይዳብሰዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። በጭራሽ! ገላመጠውና «ምን ፈለግህ?» አለው። ልጁ ወደ ቲሸርቱ ጠቆመ። ሰውዬው አንድ ዶላር ሳይቀንስ ሸጠለት፤ መልሱንም ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት። ልጁ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሆቴል እስክንደርስ «ባባ፣ እኔን እኮ ጠላኝ!» እያለ ሄደ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 28

ጠዋት ከንቬንሽን ሴንተር የተዘጋጀውን የደጋፊዎች ኤግዚቢሽን አየን። ወረፋ፣ ፎቶ፣ ወረፋ። ለልጁ የፕላስቲክ የሻምፒዮን ቀበቶ ተገዛለት። ዋጋውን አባቱ ለማንም እንዳልናገር ለምኖኛል።

እኔን የሳበኝ ሌላ ቦታ ነው። ደቡብ ፊላደልፊያ፣ ስዋንሰን መንገድ ላይ፣ ከአይ-95 አውራ ጎዳና ሥር አንድ መጋዘን የሚመስል ሕንፃ አለ። ዛሬ 2300 አሬና ይባላል። ድሮ የቢንጎ መጫወቻ ነበር። በ1990ዎቹ ኢ ሲ ደብሊው የሚባለው ድርጅት እዚህ ነበር ደም በደም የሚሆነው። ደጋፊው ከቤቱ መጥበሻ ይዞ መጥቶ «በዚህ በለው» እያለ ያቀብል ነበር። ድርጅቱ በ2001 ቢከስርም ሰዎች ሕንፃውን ለመሳለም ይመጣሉ።

በር ላይ አንድ ጎልማሳ ፎቶ ያነሳል። ጥያቄዬን አቀረብኩ። የእሱ የመጀመሪያ በ1994 ነው፤ ዝነኛው የወንበር ምሽት። ቴሪ ፈንክ ሪንግ ውስጥ ሆኖ «ወንበር አቀብሉኝ» አለ። አንድ ሰው ወረወረለት። ከዚያ ሌላው ወረወረ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ወንበሩን እያነሳ መወርወር ጀመረ። ሪንግ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች በወንበር ክምር ተቀበሩ።

«አንተም ወረወርክ?»

«አዎ፤ የራሴን።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁሉ ቆሜ አየሁት።»

ማን አሸነፈ አልኩት። አሰበ አሰበና ተወው።

ወደ ስታዲየሙ በባቡር ነው የሄድነው፤ ከሲቲ ሆል ተነስቶ ኤን አር ጂ ጣቢያ በሚያቆመው የብሮድ ስትሪት መስመር። ባቡሩ ውስጥ የታዋቂ ተጋጣሚዎችን ልብስ ለብሶ ሦስት አንደርቴከር፣ ሁለት ማቾ ማን፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ሬይ ሚስቴሪዮ ተሳፍሯል። አጠገቤ ግን ምንም ያልለበሱ፣ ማለቴ ተራ ካፖርት የለበሱ፣ አንድ አዛውንት ነበሩ። የዚሁ የደቡብ ፊላደልፊያ ሰው ናቸው፤ ዘራቸው ከጣሊያን። መጀመሪያ ያዩት በ1970ዎቹ፣ በልጅነታቸው፣ ስፔክትረም አዳራሽ ነው። ስፔክትረም አሁን ፈርሷል፤ እኛ በምንሄድበት ሰፈር ነበር የቆመው። ይዘዋቸው የሄዱት አያታቸው ናቸው። የታየው ብሩኖ ሳማርቲኖ፣ ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ጀግና።

«የሲጋራው ጭስ ከመብራቱ ሥር እንደ ደመና ተንጠልጥሏል» አሉኝ። «አያቴ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያን ቀን ብሩኖን ከኋላ ሲመቱት ወንበር ላይ ወጡና በጣሊያንኛ መራገም ጀመሩ። እኔ ሪንጉን ትቼ አያቴን ነው ሳይ ያመሸሁት።»

እዚያው ቆማ ስታዳምጥ የነበረች ሴት ጣልቃ ገባች። የሷ የመጀመሪያ በ1999 ነው፤ እዚሁ ፊላደልፊያ በተደረገው ሬስልማኒያ 15። ስቶን ኮልድ ስቲቭ ኦስተን ዘ ሮክን ያሸነፈበት። ትንሽ ልጅ ስለነበረች ያየችው በአብዛኛው ከፊቷ የተቀመጡትን ሰዎች ጀርባ ነው። የኦስተን ሙዚቃ የሚጀምረው በመስታወት መሰበር ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ሲሰማ ሃያ ሺህ ያህል ሰው በአንዴ ብድግ አለ፤ እሷ ደግሞ እውነተኛ መስታወት ተሰብሮ ሊወድቅባት መስሏት የአባቷን ጃኬት ውስጥ ገባች።

ስታዲየሙ ስንደርስ ብርዱ! ነፋሱ ያፏጫል። ወንበራችን ላይኛው ፎቅ ነው፤ ሰማይ ይቀርበናል። የማታው የመጀመሪያ ግጥሚያ ሪያ ሪፕሊ ከቤኪ ሊንች ነበር። እነሱ እየተላለቁ ፀሐይ ገባች። ጓደኛዬ ከኪሱ ተምር አወጣ። ለልጁ ሰጠ፣ ለእኔ ሰጠኝ፣ ከዚያ በወዲያ በኩል ለተቀመጠው ማቾ ማን ዘረጋለት። ሰውዬው የወርቅማ መነጽሩን ገፍቶ ተምሩን መረመረና ጎረሰ። ምክንያቱ ሲነገረው «ቀኑን ሙሉ ውሃም የለም?» ብሎ ፈዘዘ። ከዚያ በኋላ ፖፕኮርኑ የጋራ ሆነ።

ከላይ ሆኖ ማየት የራሱ ጠባይ አለው። ሰውዬው መጀመሪያ ይወድቃል፤ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ሪንጉ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ሰዉ ትልልቆቹን ስክሪኖች ነው የሚያየው። አንዳንዴ «ታዲያ ቤቴ ሆኜ አላየውም ነበር?» ያሰኛል። ሪንጉ መሐል የተለጠፈው የመጠጥ ማስታወቂያም አይመችም። ግን ድንገት የሚሆን ነገር አለ። ሬይ ሚስቴሪዮን ሊረዱ ሁለት ጭንብል የለበሱ ግዙፍ ሰዎች ገቡ። ጭንብሉን ሲያወልቁ ስታዲየሙ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ ማን እንደሆኑ አላወቅኩም። ማቾ ማን ትከሻዬን ይዞ እየወዘወዘኝ አስረዳኝ። ጄሰን ኬልሲና ሌን ጆንሰን ናቸው፤ በዚሁ ስታዲየም የሚጫወተው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የኢግልስ ሰዎች። ኬልሲ ጡረታ ከወጣ ወሩ ነው። የፊላደልፊያ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት እዚህ ነው፤ ለዚያውም በሬይ ሚስቴሪዮ ግጥሚያ።

ጓደኛዬ የሚጠብቀው ሳሚ ዜይንን ነው። ሳሚ የሶርያ ዝርያ ያለው የሞንትሪያል ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው። ጅዳ በነበረው ዝግጅት ላይ አልተገኘም ነበርና ጓደኛዬ ዛሬ ዕዳውን ሊሰበስብ ነው የመጣው። ተጋጣሚው ጉንተር ቀበቶውን ለ666 ቀናት ይዞታል። ሳሚን እንደ ከበሮ ደበደበው። ሳሚ ሲያሸንፍ ጓደኛዬ ምንም አላለም። ቆሞ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዟል። ማቾ ማን አቀፈው።

በመጨረሻው ግጥሚያ ዘ ሮክና ሮማን ሬንስ ኮዲንና ሴዝ ሮሊንስን አሸነፉ። ዘ ሮክ ኮዲን በጀርባው አጋደመው። ልጁ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ አውርዶ ባቡር እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እሁድ፣ መጋቢት 29

ጠዋት ከተማው ውስጥ ካለ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አስቀደስኩ። እሁዱ ደብረ ዘይት ነው። በደብረ ዘይት የሚነበበው ወንጌል ማቴዎስ 24 ነው። የምድር መናወጥ በልዩ ልዩ ስፍራ ይሆናል፤ ፀሐይም ይጨልማል። አርብ ምድሪቱ ተንቀጥቅጣ፣ ሰኞ የፀሐይ ግርዶሽ ይጠበቅ ነበር። ካህኑ ሲያነቡ ጎኔ የነበሩት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። እናቴ እዚህ ብትሆን ኖሮ ማታ ስታዲየም አልሄድም ነበር።

ሄድኩ። ብርዱ ለዘብ ብሏል። ድርጅቱ በኋላ እንዳስታወቀው የቅዳሜው ሰው 72,543፣ የእሁዱ 72,755 ነው። እኔ ከላይ ሆኜ ሳየው ሁለቱም ያው «ሕዝብ» ነው።

ስለ መሐሉ ግጥሚያዎች ብዙ አላወራም። ድሩ ማኪንታየር ቀበቶውን ወስዶ ደቂቃዎች ሳይቆይ ዴሚየን ፕሪስት ነጠቀው፤ ልጁ ይህን እስካሁን እንደ ዘረፋ ነው የሚቆጥረው። ዋናው ግን የኮዲ ነገር ነው። አባቱ ደስቲ ሮድስ ትልቅ ስም ያለው ተጋጣሚ ነበር፤ የዚህን ድርጅት ዋና ቀበቶ ግን ሳይዝ በ2015 ሞተ። ኮዲ ባለፈው ዓመት ሞክሮ ተሸነፈ። ሮማን ሬንስ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ሻምፒዮን ነው፤ 1,316 ቀን። ዘመዶቹ እየገቡ ያድኑታል። ጉዳዩ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። አባት ያልጨረሰውን ልጅ ይጨርሳል፣ በወዲያ በኩል የዘመድ አዝማድ ቡድን አለ።

ኮዲ ሲገባ ሙዚቃው መሐል ላይ «ዎ-ኦ-ኦ» የሚባል ቦታ አለ። ሰዉ በሙሉ ይለዋል። በቴሌቪዥን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እዚያ ግን የኮንክሪቱ ወለል ከእግርህ ሥር ይርገበገባል። አርብ ያመለጠን መንቀጥቀጥ እሁድ ደረሰን አልኩት ለጓደኛዬ፤ አልሰማኝም፤ እየጮኸ ነበር።

ከዚያ ዘመዶቹ ገቡ። ጆን ሲና ሊረዳ መጣ። ዘ ሮክ ሲናን ሊገጥም መጣ። እዚህ ላይ ደወሉ ተደወለ፤ አንዴ። መብራቱ በሙሉ ጠፋ።

ደወሉን የማያውቅ የኔ ዕድሜ ሰው የለም። አንደርቴከር! በልጅነታችን ሞቶ ተነስቷል ብሎ በእናቱ የማለልን ልጅ ነበር። ዓይኑን ሲገለብጥ ትራስ ውስጥ የተደበቅን ነን። ጡረታ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። መብራቱ ሲበራ ዘ ሮክን ጉሮሮውን አንቆ ቆሟል። አነሳው፣ አፈረጠው። መብራቱ ጠፋ። ሲበራ የለም። በቴሌቪዥን ቢሆን ካሜራው ፊቱን ያሳየኝ ነበር። እኔ ያየሁት ከሩቅ አንድ ረጅም ጥቁር ነገር ነው፤ በቃኝ። ኮልፌ ያሉ ሦስት ጓደኞቼን ከሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳላይ ደወልኩላቸው። አንዱ አነሳ። «አንደርቴከር መጣ!» አልኩት። «ማን ሞተ?» አለኝ ደንግጦ።

ሮሊንስም ነበር፤ ድሮ ከሮማን ጋር የነበሩበትን የሺልድ ቡድን ልብስ ለብሶ። በ2014 ሮማንን ከጀርባው በወንበር የከዳው እሱ ነው። አሁን ሮማን ወንበር ይዟል፤ ኮዲ ፊቱ ወድቋል፤ ሮሊንስም እዚያው አለ። ኮዲን ቢመታ ያሸንፋል። ዞሮ ሮሊንስን መታው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቀበቶውንም ያሳጣው እሱ ነው። ኮዲ ተነስቶ መጨረሻ መምቻውን ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ዳኛው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መሬቱን መታ።

ልጁ ወንበሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ድምፁ ከተዘጋ ቆይቷል። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ ነገር የለም። አባቱ ከሥር ወገቡን ይዞታል። ከኛ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ አንድ ሰውዬ ስልኩን ወደ ሪንጉ አላዞረም፤ ያዞረው ወደ ሽማግሌ አባቱ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 30

ማታ እዚያው ከተማ ሮው የሚባለው የድርጅቱ የሰኞ ሳምንታዊ ዝግጅት ነበር። ከሬስልማኒያ ማግስት ያለው ሮው ትልቁ ነው ይባላል። ቀረብን፤ ሥራ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ እናቱ አለች።

ሜሪላንድ ስንገባ ግርዶሹ ጀመረ። አይ-95 ላይ ካለ ማረፊያ ቆምን። መኪና ማቆሚያው ሙሉ ሰው የካርቶን መነጽር አድርጎ አንጋጧል። ግማሹ የሬስሊንግ ቲሸርት ለብሷል፤ አንዱ ትከሻው ላይ ቀበቶ ጥሏል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ገደማ ላይ ፀሐይ ቀጭን ሆነች። ሙሉ በሙሉ አልጨለመም፤ ብርሃኑ ግን የሆነ ነገር ጎደለው፤ ብርዱም ተመለሰ።

ጓደኛዬ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆየ። «ይቺ እኮ የሸዋል ጨረቃ ናት» አለኝ። «ፀሐይ ላይ ተጋድማ እያየኋት ነው፤ ማታ ግን አትታይም።» ስልክ አወጣና ለሚስቱ ደወለ። ዒዱ ነገ ነው ከነገ ወዲያ የሚለው ክርክር እዚያው ተጀመረ። እሷ ግን ሌላ ጭንቀት ነበራት። የልጁ የዒድ ልብስ ተገዝቷል ወይ?

አልተገዛም። ልጁ ስልኩን ተቀበለ። በተዘጋ ድምፁ ለእናቱ ያወራት ስለ ኮዲ አይደለም፤ ካርቶኑን ስለቀደደበት መላጣ ነው። ላቡ መነጽሬ ላይ ነበር አላት። በመጨረሻ ዒድ ላይ ቀበቶውን አድርጎ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቃት።

«ሰላት ላይ ቀበቶ?» አለ አባቱ ከጎን።

«ከጀለቢያው በላይ፣ ባባ። ከሥር ከሆነ ማን ያየዋል?»

ድርድሩ እስከ ባልቲሞር ዋሻ ቀጠለ። በመኪና ውስጥ ይፈቀድልሃል፣ መስገጃው ቦታ ስንደርስ ግን መኪና ውስጥ ይቀራል ተባለ። ልጁ ሐሳቡን አቀረበ፤ መስኮቱ ይከፈት።